ይሉኝታና ፑል ሪኩዌስት

የሶፍትዌር ሠሪው ዓለም አንድ ጥሩ ደንብ አለው፤ ማንም የጻፈው ኮድ የሌላ ሰው ዐይን ሳያርፍበት ወደ ተጠቃሚው አይሄድም። ደንቡ ወደ እኛ ሲመጣ ሁሉን አሟልቶ ነው የመጣው። መሣሪያው አለ፣ አሠራሩ አለ፣ ሲያጸድቁ የሚጫኑት አረንጓዴ ቁልፍ ሳይቀር አለ። አዲስ አበባ ሲገባ ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች በሕልማቸውም ያላዩት ነገር በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ይሉኝታ።

እስቲ አሁን፣ ትናንት ታክሲ የከፈለለትን፣ ምሳ አብሮት የሚበላውን፣ አባቱ የሞቱ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አብሮት ያደረውን ባልደረባ ሰው እንዴት ብሎ ነው «ይቺ ፋንክሽንህ አትረባም» የሚለው? አይለውም። ኮዱን ይከፍትና ከላይ እስከ ታች በማውስ ያንሸራትተዋል። ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ «ኤል ጂ ቲ ኤም» ብሎ ይጽፋል፤ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው እንደ ማለት ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል። ባራኪም ተባራኪም በሰላም ወደ ማኪያቷቸው ይሄዳሉ። ማታ ደንበኛ እየጮኸ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ግን ከሁለቱም አንዱ አይደለም፤ ምንም የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ነው።

ከሙያው ውጭ ያላችሁ አንባብያን እንዳትጠፉብኝ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። አንድን ፕሮግራም አምስት ሰው አብሮ ሲጽፈው አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደፋበታል። ዱሮ መፍትሔያችን ፍላሽ ነበር። ቀጥሎ ቴሌግራም መጣ። «ፕሮጀክት-የመጨረሻ» የሚል ዚፕ ፋይል ይላካል፤ በነጋታው «ፕሮጀክት-የመጨረሻ-2»፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ይሄኛው-ነው-የእውነት-የመጨረሻ»። ከእነዚህ ሁሉ መጨረሻዎች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ፊልድ ወጥቶ ስልኩ ዝግ ነው።

ከዚህ ጣጣ ያወጣን ጊት የሚባለው መሣሪያ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስና ባልደረቦቹ ቢትኪፐር የተባለ መሣሪያ በነፃ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ነፃ ፈቃዱ ሲነሳባቸው ሰውየው ቁጭ ብሎ የራሱን ጻፈ። በኤፕሪል መጀመሪያ ጀመረው፤ በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ በራሱ ማስተዳደር ቻለ። እኛ መሥሪያ ቤት በዚያው ጊዜ ውስጥ የስብሰባ አዳራሹ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አጣርተን አንጨርስም።

በጊት ዓለም ብራንች ማለት ዋናውን ኮድ ሳትነካ ጎን ለጎን የምትሠራበት የራስህ መስመር ነው። ሠርተህ ስትጨርስ ፑል ሪኩዌስት ትከፍታለህ፤ እኛ አሳጥረን ፒአር እንለዋለን። «ሥራዬን እዩልኝና ከዋናው ጋር ቀላቅሉልኝ» የሚል ማመልከቻ ነው። ያዩልሃል፣ ያርሙሃል፣ ታስተካክላለህ፣ ይቀላቀላል። መርጅ ሆነ ይባላል። በወረቀት ላይ ነገሩ ይኸው ነው።

ብራንች እጅግ ርካሽ ነገር ነው። አዲስ ስትከፍት ኮምፒውተሩ የሚጽፈው 41 ባይት ብቻ ነው፤ 40ው የአንድ ኮሚት፣ ማለት ተመዝግቦ የተቀመጠ ለውጥ፣ መለያ፣ አንዱ የመስመር መጨረሻ። ርካሽ በመሆኑም ሁላችንም እንከፍታለን፤ የሚዘጋ ግን የለም። የፕሮጀክታችንን የብራንች ዝርዝር ብታዩ «ፔይመንት-አዲስ» አለ፣ «ፔይመንት-አዲስ-ፊክስ» አለ፣ «ቴስት-አትንኩት» አለ። ሥራ ለቅቆ ካናዳ የገባ ልጅ ስም የተጻፈበትም አለ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ባይኖርም የሰው ዕቃ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ተቀምጧል።

ተከፍቶ የተረሳ ብራንች ቦታ ከማጣበብ በቀር ክፉ የለውም። ክፉው፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚከርምበት ነው። በተከፈተ ማግስት ዋናው ኮድ እንዳለ ነው። በሳምንቱ ሌሎቹ ብዙ ነገር ቀይረውበታል። በወሩ አንተ የምታውቀው ዋና ኮድ የለም፤ አንተ ግን አሁንም ለእሱ እየጻፍክ ነው። በየጠዋቱ አጭር ስብሰባ፣ ስታንድአፕ በሚባለው ላይ፣ «ጨርሻለሁ፣ ትንሽ ነገር ነው የቀረኝ» ትላለህ። ያቺ ትንሽ ነገር ከሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው ብቻ» የማትለይ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን።

ለዚህ መክረም ከፊሉን ጥፋት በአንድ ስዕል ላሳብብ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪንሰንት ድሪሰን የተባለ ባለሙያ «ጊት ፍሎው» በሚል ስም የሚታወቀውን አሠራር ከባለቀለም ስዕል ጋር አወጣ። ማስተር አለ፣ ዲቨሎፕ አለ፣ ፊቸር፣ ሪሊዝ፣ ሆትፊክስ አሉ፤ ቀስቶቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ስዕሉ አማረና የብዙ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ሰውየው ራሱ ማስታወሻ ጨመረበት፤ የድረ ገጽ ሶፍትዌር የምትሠሩና በየጊዜው የምታወጡ ከሆነ ቀለል ያለውን አሠራር ብትይዙ ይሻላችኋል የሚል። ስዕሉ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ማስታወሻው መንገድ ላይ ቀርቷል። እናም አራት ሰው ያለበት ቡድን አምስት ዓይነት ብራንች ያስተዳድራል። ብዙ ስሪት ጎን ለጎን ደግፎ ለሚኖር ድርጅት ስዕሉ ዛሬም ይጠቅም ይሆናል። በሌላ በኩል ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ገደማ ሁለት ቢሊዮን ያህል የኮድ መስመር በአንድ ማከማቻ ይዞ፣ ባለሙያዎቹ በአብዛኛው በአንድ ዋና መስመር ላይ ይሠሩ ነበር። ያላለቀ ሥራ ሲኖራቸው በማብሪያ ማጥፊያ ከተጠቃሚው ይሸሽጉታል እንጂ ብራንች ውስጥ አያከርሙትም። እኔ ብራንች ከሁለት ቀን በላይ ሲያድር ጤናውን እጠራጠራለሁ።

የከረመ ብራንች ሲመለስ ኮንፍሊክት ይዞ ነው የሚመለሰው። ሁለት ሰው አንድ መስመር የነካ እንደሆነ ጊት አይፈርድም። የሁለቱንም ጽሑፍ ከላይና ከታች ያስቀምጥና ሰባት ሰባት ምልክት ደርድሮበት «እናንተው ተነጋገሩ» ያለ ያህል ይቆማል። መነጋገር የነበረበት ሰው ግን አይነጋገርም፤ የራሱን ይመርጣል፣ የሰውየውን ያጠፋል፣ ኮሚቱ ላይ «ኮንፍሊክት ፈታሁ» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጊት ጨርሶ የማያየው ጠብ ነው። አንዷ የአንድን ፋንክሽን ስም ትቀይራለች፤ በዚያው ቀን ሌላው በሌላ ፋይል ውስጥ በዱሮ ስሙ ይጠራዋል። መስመራቸው ስላልተነካካ ጊት ያለ አንዳች ቅሬታ ያዋህዳቸዋል። የእሷም ልክ ነው፣ የእሱም ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፕሮግራሙ አይነሳም። ዋናውን ኮድ በየቀኑ ወደ ብራንቻቸው እየሳቡ፣ ከመርጅም በኋላ ኮዱ መሥራቱን የሚያጣራውን ፈተና ደግመው የሚያስሮጡ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ጉድ ቡና ሳይጠጡ ያገኙታል። የማያደርጉት ከደንበኛው ይሰማሉ።

ወደ ይሉኝታው ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ይሉኝታ በመስመር ብዛት ልክ ያድጋል። አሥር መስመር የላከ ሰው አሥር ኮመንት ይመለስለታል። ሁለት ሺህ መስመር የላከ ሰው የሚመለስለት ኤል ጂ ቲ ኤም ነው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይላል የአገሬ ሰው። ኮድ ላይ ተረቱ አይሠራም። ትልቅ ፒአር አፍ ሞልቶ የተሰጠ ጉርሻ ነው፤ የጎረሰው ሰው መናገር አይችልም። አንገቱን ይነቀንቃል፣ ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ አጉራሹም ወደደው ብሎ ደስ ይለዋል።

ፈረንጆቹ ይህን በቁጥር ደርሰውበታል። ሲስኮ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ገምጋሚ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 መስመር በላይ ሲሰጠው ስህተት የማግኘት ዐቅሙ እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ ይበልጥ የሚያስቀና ነው፤ እዚያ ከሚላኩት ለውጦች ግማሾቹ ከ24 መስመር አይበልጡም፣ ከአራቱ ሦስት የሚሆኑት የሚታዩት በአንድ ገምጋሚ ብቻ ነው፣ ግምገማውም በመደበኛ ጊዜ ከአራት ሰዓት ባነሰ ያልቃል። ሃያ አራት መስመር ላይ ማንን ይሉኝታ ይይዘዋል? «እዚህ ጋ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ሰውየውን አያዋርደውም፤ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራው ነው የተነካው። አንድ ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሳ የሠራውን ሲያመጣልህ ግን «መነሻው ልክ አይደለም» ለማለት የብረት ልብ ይጠይቃል። ልብህ ብረት ቢሆንም ጊዜው አልፏል፤ ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛው ቀን ቆርጠዋል።

ባራኪነት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለምን ድረ ገጾች ምስጢር ከሚጠብቁት ዋነኛው ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባል ሶፍትዌር ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 2011 ማታ፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ሊብት ሲል፣ አንድ ለውጥ ታይቶና ጸድቆ ከዋናው ኮድ ጋር ተቀላቀለ። ለውጡ ሁለት ኮምፒውተሮች «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉበት ሥርዓት ነው። ጠያቂው አንድ ቃል ይልካል፣ የቃሉንም ርዝመት ይናገራል፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቃል ይመልሳል። ጠያቂው አንዲት ፊደል ልኮ «64 ሺህ ነው የላክሁት» ቢልስ? ሰርቨሩ ልክ እንደ እኛ ይሉኝታ ያዘው። ሳይቆጥር አመነና ከራሱ ማኅደረ ትውስታ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ እየዘገነ ሞላለት፤ የይለፍ ቃልም ሆነ ምስጢራዊ ቁልፍ እዚያ አካባቢ ካለ አብሮ ይሄዳል። ሃርትብሊድ ተብሎ ይፋ የወጣው በኤፕሪል 2014 ነው። መድኃኒቱ ርዝመቱን የሚያጣራ ጥቂት መስመር ሆነ። የጻፈውም ያየውም ሰው ሰነፍ አልነበሩም፤ ሁለቱም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቤቱ ዶሮ እየተበለተ «እስቲ ይቺን ቶሎ አጽድቅልኝና ልሂድ» የሚለኝን ሰው አላጸድቅለትም። ዓርብ ከሰዓትም አልወድም።

ይሉኝታ የሌለበት የሚመስል ሌላ ገምጋሚ አለ። ይህ ሰው ኮመንት አያልቅበትም። እዚህ ጋ ክፍተት ጨምር፣ ይቺን ቅንፍ ወደ ታች አውርዳት፣ ይህን ስም በትልቅ ፊደል ጀምረው። ደፋር ይመስላል እንጂ ከባራኪው የባሰ ፈሪ ነው፤ ማንንም የማያስቀይመውን መርጦ ነው የሚናገረው። ገንዘብ ሁለቴ የሚቆርጠው መስመር ከቅንፉ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል። ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ በዚህ ዓይነት ሰው ቀልዶበታል። ኮሚቴው የአቶሚክ ሪአክተር ዕቅድ በሁለት ደቂቃ ተኩል አሳልፎ፣ ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ጣሪያ 45 ደቂቃ ይከራከራል፤ ሪአክተር የሚያውቅ የለም፣ ጣሪያ ግን ሁሉም ያውቃል። ለቅንፍ ገምጋሚ መፍትሔው ቅንፉን ከሰው እጅ ማውጣት ነው። ጎፍምትም በሉት፣ ብላክም፣ ፕሪቲየርም፣ ኮዱን በራሱ ጊዜ የሚያሰልፍ መሣሪያ ለየቋንቋው ሞልቷል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ኮዱን ማሳመሩ አይመስለኝም። ማሽን ሲያርመው የተቀየመ ሰው አላየሁም፤ «ንቆኝ ነው» ብሎ ከማሽን ጋር ሰላምታ ያቋረጠ የለም።

ይሉኝታ ጨርሶ የጠፋበት ዓለምም ገነት አይደለም። ያው ቶርቫልድስ የሰው ኮድ ሲገመግም ለዓመታት በስድብ የታወቀ ሰው ነበር፤ በሴፕቴምበር 2018 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ፣ የሰውን ስሜት መረዳት ልማር ብሎ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም። የእኛ ችግር ኮመንት የምንጽፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በአማርኛ ቢሆን «ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ፣ ምናልባት ተሳስቼም ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚጀምር ጨዋ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ዋይ?» ብሎ ያቆማል። ተቀባዩ ያቺን ዋይ ይዞ ቤቱ ይገባል፣ እራት አይበላም። ሰውየውን ትተህ መስመሩን ከጠየቅህ ግን እራቱን ይበላል፤ «ይህ መስመር ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይመልሳል?» ማንንም አይጎዳም። ቀላል የሆነውን «ቀላል ነው፣ ብትተወውም ግድ የለም» ብሎ መለየትም ብዙ ደም ግፊት ያድናል። ኮመንቱ ከተመላለሰና ሙቀቱ ከጨመረ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች የተቀመጡት ሁለት ወንበር ተራርቀው ነው፤ ተነስቶ መሄድ ይቻላል።

ላኪውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ብራንች ውስጥ ከርሞ፣ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ማብራሪያው ላይ «ፊክስ» ብሎ የሚልክ አለ። ምኑ ተበላሽቶ ነበር? ለምን በዚህ መንገድ ተስተካከለ? በምን ተፈተሸ? መልስ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ለሌላ ከመላኩ በፊት የራሱን ፒአር እንደ ሰው ሥራ አንድ ጊዜ ቢያነበው የረሳቸውን ግማሾቹን ራሱ ይለቅማል፤ ለሙከራ ያስገባትን፣ የቀድሞ አለቃውን ስም የያዘችውን መስመርም ጭምር።

ግማሹ ቡድን አዲስ አበባ፣ ግማሹ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልዩነቱ እነሱ ሰዓታቸውን እንደ ቀየሩት አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ሰዓት ነው። እዚያ ያለው ልጅ «ሦስት ሰዓት ላይ አየዋለሁ» ብሎ ይልካል። በማን ሦስት? በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? የእነሱ ጠዋት ነው የእኛ ማታ? እስኪጣራ አንዱ ወገን ይተኛል። አንዲት ጥያቄና አንዲት መልስ ሙሉ ቀን ይበላሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱን ማብራሪያው ላይ የጻፈ ሰው አንድ ቀን አተረፈ። ያልጻፈው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ገና ባልጸደቀው ብራንች ላይ ሌላ ብራንች፣ በዚያም ላይ ሌላ ይከፍታል። የታችኛው «ተመለስ፣ አርም» የተባለ ቀን የላይኞቹ ሁሉ አብረው ይናዳሉ።

ሰሞኑን የቡድናችን አንጋፋ ዲቨሎፐር የደንበኛ መመዝገቢያ ቅጽ ላኩ፤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የልደት ቀን የሚቀበል። ከሠላሳ መስመር አይበልጥም። ሌሎቻችን ስብሰባ ላይ ስለነበርን ግምገማው ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣች ልጅ ደረሰ። እሷም እንደ ደንቡ ባራኪ ልትሆን ይገባት ነበር፤ ሰውየው በዕድሜ አባቷ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ነገር ግን ሠላሳ መስመር ነው፣ አንብባ ጨረሰችው። ወር ከ12 ከበለጠ «ስህተት» የሚል መስመር አገኘች። ፈተናዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለውን ብቻ ነው የሚፈትሹት። ኮመንቱን በአማርኛ ጻፈችው፦ «ጋሼ፣ እኔ የተወለድኩት ጳጉሜ 3 ነው። በዚህ ቅጽ መሠረት ገና አልተወለድኩም ማለት ነው?»

ጋሼ ትንሽ ቆይተው 12ን 13 አደረጓት፤ ለጳጉሜም አምስት ቀን ሰጧት። መልሷ ወዲያው መጣ፦ «አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ተወልጃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 2003 ነው።» ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት። ጋሼ እሱንም አስተካከሉ፤ የፈተናው ዝርዝር ውስጥ እህትና ወንድሙን ሁለቱንም አስገቧቸው።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው ሁሉ ፒአሩን የሚልከው ለእሷ ነው። እሷ ደግሞ ከ200 መስመር በላይ የሆነውን አትከፍተውም። የላከባት ሁሉ ያችኑ አንድ መስመር ይደርሰዋል፦ «ከፋፍለህ አምጣው»። ባለፈው ሳምንት የቴክኒክ ኃላፊያችን፣ ዱሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯት መምህር፣ 1,800 መስመር ላኩ። ሁላችንም ሥራችንን ትተን ምን እንደምትጽፍ ጠበቅን። «ከፋፍለው ያምጡት» አለቻቸው።